ሲሰማንና ሲታወቀን፤ ስለ ስሜት፣ ስለ ሕዋስና ስለ እሴት ስያሜዎች የቀረበ አስተያየት

ሰው የሚኖርበትን ዓለም በዐይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ በአፍንጫው አሽትቶ፣ በምላሱ ቀምሶ ይረዳል። የተረዳውንም «ይህ ደግ ነው፤ ይህ ክፉ ነው» እያለ ይለያል። የሥነ ልቡና፣ የሕክምናና የፍልስፍና መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች እነዚህን ሁለት ሥራዎች በየራሳቸው ስም መጥራት ግድ ይሆንባቸዋል። ለዚህ ተግባር ዛሬ የሚያገለግሉት ዋና ዋና ቃላት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ስሜት፣ ሕዋስና እሴት ናቸው። ሦስቱም በትምህርት ቤት የተለመዱ፣ በጽሕፈትም የጸኑ ናቸው። ይሁን እንጂ ተርጓሚው በነዚህ ስሞች ብቻ ሲተማመን መልእክቱ ከአንባቢው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከወዴት እንደሚመነጭ ለማሳየትና መፍትሔውም ከስሙ ይልቅ በግሡ ውስጥ እንደሚገኝ ለማመልከት ይሞክራል። ከምሳሌዎቹ ከፊሎቹ በሰሜን ወሎ፣ ይልቁንም በወልድያ፣ በመርሳና በአጠቃላይ በሀብሩ ምድር ካለው የገበሬ ስያሜ የተወሰዱ ናቸው። የዚህም ምክንያት እዚያ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

በአማርኛ የስሜት ግሦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። «አየሁ» ስንል «ታየኝ»ም እንላለን። እንዲሁም «ሰማሁ» እና «ተሰማኝ»፣ «ዐወቅሁ» እና «ታወቀኝ»፣ «አሸተትሁ» እና «ሸተተኝ»፣ «ቀመስሁ» እና «ጣመኝ»፣ «ዳሰስሁ» እና «ሻከረኝ» ጎን ለጎን ይነገራሉ። በመጀመሪያው ረድፍ ሰውዬው ባለቤት ነው፤ ዐይኑን ያቀናል፣ እጁን ይዘረጋል። በሁለተኛው ረድፍ ግን ባለቤቱ ነገሩ ሲሆን፣ ሰውዬው በግሡ መጨረሻ ላይ በምትገኘው በተሳቢዋ «ኝ» ብቻ ይወከላል። ነገሩ መጣበት፣ ደረሰበት እንደ ማለት ነው። ረኀብንና ብርድን የምንገልጽባቸው «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» የሚሉትም ከዚሁ ረድፍ ይቆጠራሉ።

በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ብቻ አይደለም። «ቀመስሁት» የሚል ሰው መቅመሱን እንጂ የቀመሰው ነገር ደግ ይሁን ክፉ አልነገረንም። «ጣመኝ» ወይም «መረረኝ» ያለ ግን ፍርዱንም ጨምሮ ሰጥቷል። ስለዚህ በሁለተኛው ረድፍ ስሜትና ፍርድ በአንድ ቃል ውስጥ ተጋብተው ይገኛሉ። ከዚህም የተነሣ ይመስለናል፣ እነዚሁ ግሦች ከአካል ወደ ኅሊና ለመሻገር ምንም አይቸግራቸውም። ጫማ ይቆረቁራል፤ ያለ አግባብ የተናገሩት ነገርም ይቆረቁራል። መደብ ይጎረብጣል፤ ፍትሕ የጎደለው ውሳኔም ይጎረብጣል። ኮሶ የመረረው ሰውና ኑሮ የመረረው ሰው የሚናገሩት በአንድ ግሥ ነው። «ከፋኝ» በሚለው ውስጥ ክፋት የፍርድ ቃል መሆኑ ቀርቶ የኀዘን ስም ሆኗል። እዚህ ላይ «ይመስለኛል» የሚለውንም ማንሣት ይገባል፤ መምሰል የዐይን ጉዳይ ሆኖ ሳለ ሐሳባችንን ስንገልጽ ዘወትር የምንገለገልበት ግሥ እርሱ ነው።

ወደ ስሞቹ ስንመለስ፣ ስሜት የሚለው ቃል ሰማ ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። የጆሮ ሥራ የነበረው ቃል ሰፍቶ የአካልን ሁሉ፣ ከዚያም የልብን ሁኔታ ይሸፍናል። ስፋቱ ለባለቅኔ ሀብት ሲሆን ለሐኪም ግን እንቅፋት ነው። የበሽተኛውን እግር በመርፌ ጫፍ እየነካ «ይሰማዎታል?» የሚል ሐኪም ጥያቄው ስለ እግር መሆኑን በእጁ ስለሚያሳይ ላይሳሳት ይችላል። ጥያቄው በወረቀት ሲሰፍር ግን «ድምፅ ይሰማዎታል?» ከሚለው የሚለየው ነገር የለም። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሥጋ ደዌም ሆነ የስኳር በሽታ የእጅንና የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሕመምተኛው እሳትንና እሾህን መለየት ያቅተዋል፤ ቁስሉም ሳያውቀው ይሰፋል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ የጥያቄው ቃል ትክክለኛነት የጣት መትረፍና አለመትረፍ ጉዳይ ይሆናል።

አማርኛ ለዚህ የታጠቀው ቃል አለው። ሰው እግሩ ሲደነዝዝበት «አይታወቀኝም» ይላል። «ሲነካዎት ይታወቅዎታል?» የሚለው ጥያቄ ጆሮን ከነገሩ ያወጣል፤ ለማንም ባላገር ግልጽ ነው፤ አክብሮቱም አይጎድልም። ይህን የመሰለ ቃል በአፍ ላይ እያለ በሕክምና መጠይቆች ውስጥ «የስሜት መቀነስ አለብዎት?» የሚል ጥያቄ መጻፍ ስምን ከግሥ ማስበለጥ ያመጣው ጣጣ ነው። የዕለት ተናጋሪ «ስሜት የለውም» ሲባል ግዴለሽነትን ወይም ጨካኝነትን ሊረዳ ይችላል።

የሕዋስ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው፤ ቃሉ የአካል ክፍሎችንም ይጠራል። በአጠራሩም በፍችውም የስሜት ኃይሎችን ከሚያመለክተው ከዐረብኛው «ሐዋስ» ጋር ይገጥማል። በዘመናዊው የሥነ ሕይወት ትምህርት ደግሞ ሕዋስ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታየው የሕያው ነገር ትንሹ ክፍል ሆነ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የነበሩት የፖለቲካ ድርጅቶችም የኅቡዕ መዋቅራቸውን ትንሹን ክፍል በዚሁ ስም ጠሩት። ሦስተኛው ፍች ከዘመኑ ጋር ተዳክሟል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር ይጋጫሉ። «የስሜት ሕዋሳት» ሲባል ዐይንና ጆሮ ናቸው ወይስ በዐይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ደቃቅ ክፍሎች? ተማሪው በአንዱ ምዕራፍ ሕዋስ በዐይን እንደማይታይ ተምሮ፣ በሌላው ምዕራፍ ዐይን ራሱ ሕዋስ መሆኑ ይነገረዋል። ሕዋስን ለሥነ ሕይወት ከለቀቅን በኋላ መልሰን መንጠቅ የሚቻል አይመስለንም። ስለዚህ ዐይንና ጆሮ «የስሜት አካላት» ቢባሉ ይበጃል። «የስሜት ብልት» የሚለውም በፍች ደረጃ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ብልት በሰው ሲነገር የሚያሳስበው ሌላ ስለ ሆነ መምህሩ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት ያቅተዋል።

እስከዚህ ያየነው ስሙ ከግሡ ሲርቅ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ስሜትና ፍርድ ሳይለያዩ የተሰየመ ነገር ምን ያህል ዕውቀት እንደሚይዝ ለማሳየት ግን ከወሎ ማሽላ የተሻለ ምስክር የለም።

ሀብሩ ከምዕራቡ ተራራ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ወረዳ ነው። ከተማው መርሳ ሲሆን፣ በዚሁ ወረዳ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ማሽላ የአገሩ ዋና እህል ነው። የወሎ ገበሬ ለማሽላ ዘሮቹ ካወጣላቸው ስሞች አንዱ «ወተት በጉንጬ» ይባላል። ፍሬው ሲደርቅ ጎድጎድ ያለና የተጨማደደ፣ ለዐይን የማይሞላ ነው፤ ምርቱም ከሌላው ያንሳል። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራውና በእሸትነቱ ጠብሶ ይበላዋል። ዐይን የናቀውን ምላስ አከበረው ማለት ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ካሉት የወሎ ማሽላዎች መካከል የላይሲን መጠናቸው ከተራው ማሽላ እጅግ የበለጠ መሆኑን አስታወቁ። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ለሕፃናት ዕድገት የግድ የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ሲሆን በተራው ማሽላ ውስጥ እጥረቱ የታወቀ ነው። ዜናው በጽሑፍ በወጣበት ዓመት ወሎ ራሷ በታላቁ ረኀብ ላይ ነበረች።

ገበሬው ላይሲንን ያውቅ ነበር ለማለት አንደፍርም። የሚያውቀው እህሉ በጉንጩ የሚያደርግለትን ነው፤ ለዚያም በወተት መሰለው። ወተት በወሎ ገጠር ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ለሕፃንና ለደካማ የሚሰጥ የክብር ምግብ ነው። ስለዚህ ስያሜው የምላስን ምስክርነትና የዋጋ ፍርድን በአንድነት ይዟል። አንባቢ የስያሜውን ቅርፅ ያስተውል፤ «ጉንጭ» ሳይሆን «ጉንጬ» ነው። የባለቤቱ ምዕላድ እዚህም አልጠፋችም። ማር የሚለውን ቃል የያዘው «ማርጩቄ» የተባለው ዘርም ከዚሁ የስያሜ ወገን ነው።

በማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠው ጥገኛ አረምም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ላላወቀው ሰው ያማረ ነው። ገበሬው ግን በመልኩ አልሰየመውም፤ «አቀንጭራ» አለው። ቀነጨረ ማለት ሳያድግ ቀረ፣ ጫጨ ማለት ሲሆን፣ አቀንጭራ የሚያቀነጭር ማለት ነው። ጉዳቱ አረሙ ከመሬት ብቅ ሳይል ገና በሥር ይጀምራልና፣ ስሙ ከሚታየው አበባ ይልቅ በሰብሉ ላይ የሚደርሰውን ተከትሏል። ከዚሁ ሥር የተገኘው «መቀንጨር» ዛሬ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ በምግብ እጥረት ምክንያት ዕድሜው የሚፈቅደውን ቁመት ላላገኘ ሕፃን የተሰጠ የሙያ ቃል ሆኗል። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ግብ የያዘ ነው። ከቅርብ ዘመን ስያሜዎች መካከል ይህን የሚስተካከል አላየንም። እናቲቱ መዝገበ ቃላት ሳትገልጥ ልጇ ምን እንደ ሆነ ትረዳለች፤ የቀነጨረ ማሽላ አይታለችና። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለገበሬው ከቀረቡት አቀንጭራን ከሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «አብሽር» መባሉም ደስ ያሰኛል፤ በወሎ አነጋገር «አይዞህ» ማለት ነው።

ስለ ሽታና ስለ ጣዕም ቃላት ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ሽታና ሽቱ ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ ወደ ማስጠላት፣ ሌላው ወደ መወደድ እንደ ሄዱ ብቻ እንጠቁምና እንለፍ። «ቃና» ግን ለተርጓሚዎች ልዩ ጥቅም አለው። የጠላውም ቃና ነው፣ የዜማውም ቃና ነው፤ ምላስና ጆሮን ያገናኛል። ዜማ ከተነሣ፣ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው፤ አንዱም ከሀብሩ በስተደቡብ የሚዋሰነው አምባሰል ነው። ሌሎቹ ትዝታና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ጆሮ የለየውን የድምፅ ርቀት አገርና ናፍቆት ሰየሙት።

የቀረው እሴት ነው። ቃሉ «ዐሰየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ ጥንተ ፍችው ብድራት፣ ለድካም የሚከፈል ዋጋ ነው። ማኅበረሰብ ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ነገር በዚህ ስም መጥራት ከፍች አንፃር የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ቃሉን ለብዙኃኑ ያደረሰው የፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 285 የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። በመርሳ ገበያ «እሴትዎ ምንድር ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ነጋዴ ስለ ደረሰኝ ቢመልስ አይፈረድበትም።

ለመሆኑ አማርኛ የግብረ ገብ ሚዛኑን የሚጠራው በምንድር ነው? «ይሉኝታ» የሚለውን እንመልከት። «ምን ይሉኝ ይሆን» ከሚለው ዐረፍተ ነገር የተቀረጸ ስም ነው። «ማን አለብኝነት»ም «ማን አለብኝ» ከሚለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተወስዷል። አንዱ ሰውን በሰው ጆሮና አፍ ፊት ያቆመዋል፤ ሌላው ከዚያ ማምለጡን ይነቅፋል። በሁለቱም ውስጥ በ«ራበኝ»ና በ«ታወቀኝ» ያገኘናት «ኝ» ተቀምጣለች። አማርኛ ስሜትንም እሴትንም የሚናገረው ነገሩ ከደረሰበት ሰው ወገን ሆኖ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ተርጓሚው ስሙን ሲያነሣ ይህችን ምዕላድ ይጥላታል፤ ግሡን ሲመርጥ መልሶ ያገኛታል። ይህ ማለት ስሞቹ ይሰረዙ ማለት አይደለም። ለሳይንስ ጽሑፍ ስም የግድ ነው፤ የአካልን ከልብ ለመለየትም «የአካል ስሜት» እና «የልብ ስሜት» ማለት ይቻላል። ለጤና መጠይቅ፣ ለፍርድ ቤት ቃል መቀበያና ለገበሬ መመሪያ ግን ግሡ ይቅደም።

በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በልማዳችን ግሥ የሚመዘገበው በሩቅ ወንድ ኀላፊ ቅርፅ ነው። በዚህ አሠራር «ታወቀኝ» በ«ታወቀ» ሥር ተሸፍኖ «ዝነኛ ሆነ» ከሚለው ፍች ጋር ይደባለቃል። ተሳቢውን ይዞ የተለየ ፍች የሚሰጠው ቅርፅ በዋናው ግሥ ሥር የራሱ ቁጥር ቢሰጠው መልካም ነው። ለምሳሌ፦ ቆረቆረ፤ 1. (ነገሩ፣ በአካል ላይ) ወጋ፣ አላስቀምጥ አለ፤ ጫማው ቆረቆረኝ። 2. (ነገሩ፣ በኅሊና ላይ) ዕረፍት ነሣ፤ በሐሰት መመስከሬ ቆረቆረኝ። 3. (ሰው) ከተማ መሠረተ።