ለዓመታት ያልታደሰ ኡቡንቱ

ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ሦስት አራት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢከርም፣ ሲያበሩት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ፋይሎቹ በቦታቸው አሉ፤ ሊብሬ ኦፊስ ይከፈታል። ጉዱ የሚታየው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ነው። አንዳንድ ድረ ገጾች የደኅንነት ማስጠንቀቂያ እያሳዩ አልከፈት ይላሉ፤ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ሲሞከር ደግሞ «አልተገኘም» የሚል መልእክት ይደረደራል። ማሽኑ አልተበላሸም። እሱ ባለበት ቆሞ ሳለ የተለወጡት ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት አድራሻዎች፣ ቁልፎችና ሰርተፊኬቶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን ኡቡንቱን እንውሰድ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ የመሠረተው ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ስሪት ያወጣል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የስሪቱ ቁጥር የወጣበትን ዓመትና ወር ይናገራል፤ 16.04 ማለት በ2016 ኤፕሪል ላይ የወጣው ነው። በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚወጣው «ኤልቲኤስ» ይባላል፤ አምስት ዓመት መደበኛ ድጋፍ አለው። በመካከል የሚወጡት ግን የሚደገፉት ለዘጠኝ ወር ብቻ ነው። የዘጠኝ ወሩን ስሪት ጭኖ ኮምፒውተሩን የረሳ ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነው፤ የዚያ ስሪት ፕሮግራሞች ከዋናው ሰርቨር ተነስተው ወደ አሮጌ ስሪቶች ማከማቻ ተዛውረዋል። «አልተገኘም» የሚለው መልእክት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መፍትሔውም አድራሻውን ወደ አሮጌው ማከማቻ ማዞር ነው።

ፕሮግራሞችን የመጫንና የማደስ ሥራውን የሚሠራው «አፕት» ነው፤ ኡቡንቱ ከእናቱ ከዴቢያን የወረሰው መሣሪያ። አፕት ፕሮግራም ፍለጋ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ አይዞርም። መጀመሪያ ከሰርቨሩ ዝርዝር ያወርዳል፤ ዝርዝሩ የእያንዳንዱን የፕሮግራም ጥቅል ስም፣ ስሪትና የጣት አሻራ የሚመስል መለያ ይዟል። ዝርዝሩ ራሱ በአሳታሚው የምስጢር ቁልፍ ተፈርሟል። አፕት ፊርማውን ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ቁልፍ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ አይቀበልም። ስለዚህ «አፕዴት» የሚለው ትእዛዝ የሚያድሰው ዝርዝሩን ብቻ ነው፤ ፕሮግራሞቹን የሚለውጠው «አፕግሬድ» ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አዝዞ «አድሻለሁ» የሚል ሰው ጥቂት አይደለም።

የሰርተፊኬት ጉዳይም አለ። ነፃ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኤንክሪፕት ይተማመንበት የነበረው አሮጌ ሥር ሰርተፊኬት በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው አልፏል። በወቅቱ የታደሱ ማሽኖች ብዙም አልተነኩም፤ ያልታደሱት ግን ከብዙ ድረ ገጾች ጋር ተቆራረጡ። ከዚህም የቀለለ ምክንያት አለ። ላፕቶፑ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ ትሞታለች፤ ማሽኑ ዓመቱን ይስታል፤ ያኔ ጤነኛውን ሰርተፊኬት ሁሉ «ጊዜው ገና ነው» እያለ ይጥለዋል። ግማሽ ቀን ሌላ ነገር ከመፈተሽ በፊት ቀኑን ማየት ይበጃል።

«ይሠራ የለ፣ ለምን ልነካካው?» የሚል ይኖራል። ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ ማሽን ከሆነ እኔም አልከራከርም። የሚገናኝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሱዶ በተባለው፣ ሊኑክስ ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሰጠው ፕሮግራም ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ስህተት ይፋ የሆነው በጃንዋሪ 2021 ነው። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ያለ ይለፍ ቃል የማሽኑ ጌታ እንዲሆን የሚያስችል ቀዳዳ ነበር። መድፈኛው ወዲያው ተለቀቀ፤ ከዚያ በፊት ተረስቶ የቀረ ኮምፒውተር ግን ቀዳዳውን እስከዛሬ እንደተሸከመ ነው።

ወደ እድሳቱ ስንገባ ዋናው ሕግ አለመዝለል ነው። ከ16.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መሄጃ የለም። መንገዱ 18.04ን፣ 20.04ን እና 22.04ን እየረገጠ ነው የሚያልፈው፤ በየእርከኑም የሚለወጥ ነገር አለ። 18.04 ላይ የለመዱት ዩኒቲ የተባለው ገጽታ ቀርቶ በግኖም ይተካል። 20.04 አሮጌውን ፓይተን 2 በነባሪነት አይይዝም፤ የቆዩ ስክሪፕቶች ያሉት ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። 22.04 ላይ ፋየርፎክስ ራሱ ስናፕ በተባለ ሌላ ዓይነት ጥቅል ይመጣል። ባለ 32 ቢት ማሽን ያለው ደግሞ ጉዞው 18.04 ላይ ያበቃል፤ እሱን ወደ ዴቢያን 12 መውሰድ ይሻላል።

ከመነሳት በፊት ፋይሎችን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ግዴታ ነው። ቡት የተባለው ክፍልፍል በአሮጌ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት በሆኑ ፋይሎች) መሞላቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ እድሳት መሃል ላይ የሚሰናከለው እዚያ ቦታ ስለሚጠፋ ነው። ከዚያ ያለውን ስሪት እስከ ጫፍ አድሶ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት፤ ቀጥሎ የስሪት ማሻሻያውን መጀመር። ማሻሻያው ከሌላ ወገን የተጨመሩ ምንጮችን ራሱ ያግዳቸዋል፤ በኋላ አንድ በአንድ ለአዲሱ ስሪት መኖራቸውን አጣርቶ መመለስ የባለቤቱ ፈንታ ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ መብራቱን ያስብ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መሃል ላይ ቢጠፋ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ማሽን ይቀራል። ዲፒኬጂ የተባለው የአፕት የበታች ሠራተኛ የተቋረጠውን እንዲጨርስ ማዘዝ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ያድናል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለትና ከዚያ በላይ እርከን ወደ ኋላ ለቀረ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ መውጣት አልመክርም። እያንዳንዱ እርከን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ያወርዳል፤ አራት እርከን ማለት አራት ጊዜ የመሰናከል ዕድል ነው። የ24.04 መጫኛ ፋይል 6 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ጥሩ ዋይፋይ ካለው ወዳጅ ዘንድ አንዴ በፍላሽ መቅዳት ይቻላል። የፋይሉን መለያ ቁጥር ካኖኒካል ካወጣው ጋር አመሳክሮ፣ ሰነዱን ካስቀመጡ በኋላ እንደ አዲስ መጫን ይቀላል። እርከን በእርከን መውጣት የሚያዋጣው ሰርቨር ላይ፣ ወይም መልሶ ለማዋቀር ቀናት የሚፈጅ ሥራ የተሸከመ ማሽን ላይ ነው። እንዲህ የታደሰ 24.04 መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 ድረስ ይዘልቃል።