አዘጋጅ ጫካውን እንዴት ያስኬደዋል?

ቴአትር በተመለከትን ጊዜ የተዋንያኑን ድምፅና ልብስ እናደንቃለን። አዘጋጁ ግን ድርሰቱን በምን ዐይን እንደ ተመለከተው እምብዛም አንጠይቅም። ይህ ዐይን፥ ማለት የአዘጋጁ ራእይ፥ በትምህርት የሚገኝ ነውን? ነው፤ ነገር ግን በቃል አይጠናም።

በአገራችን ይህን ሙያ ካቆሙት መካከል በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርስቲ የተማሩት ተስፋዬ ገሠሠና የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅንን ተውኔቶች ለመድረክ ያበቁት አባተ መኩሪያ ይገኙበታል። በ1970 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፍቷል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ፀጋዬ ወደ አማርኛ ከመለሷቸው የሼክስፒር ድርሰቶች አንዱ «ማክቤዝ» ነው። ንጉሡን ገድሎ ዙፋን የያዘው ማክቤዝ፥ ጫካ ተነሥቶ እስኪመጣበት ድረስ እንደማይሸነፍ ተነግሮታል። በመጨረሻ የጠላት ወታደሮች ቅርንጫፍ ቆርጠው ተሸክመው ሲመጡ ጫካው የተራመደ መሰለ። ይህን ክፍል ከሮቤ ወይም ከጎባ ለመጣ ተማሪ ብትሰጡት በመጀመሪያ የሚያስበው እውነተኛ ቅርንጫፍ ወደ መድረክ ማውጣትን ነው። አዳራሹ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ ተመልካቹም ይሥቃል። አስተማሪው ከሚቆጣው ይልቅ ወደ ሪራ ቢወስደው ይሻላል።

ከጎባ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ በሐረና አፋፍ ቁልቁል ይወርዳል። ሪራ ከዚያ ሥር፥ አስታና ቀርከሃ በሚበቅሉበት አገር ናት። ጉም ከደኑ ሽቅብ በወጣ ጊዜ ዛፎቹ አንድ ጊዜ ይሰወራሉ፥ አንድ ጊዜ ቀርበው ይታያሉ፤ ቆሞ የሚመለከት ሰውም ደኑ የተጠጋው ይመስለዋል። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብለት፦ ጫካው የሚንቀሳቀሰው ለማን ነው? ለወታደሮቹ አይደለም፤ እነርሱ ቅርንጫፍ መሸከማቸውን ያውቃሉ። የሚንቀሳቀሰው ለገዳዩ ነው።

መልሱ ከተገኘ ቅርንጫፉ ቀረ። ነጭ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ከመድረኩ ግርጌ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ መብራቱ ከበስተኋላቸው ይበራል፤ ከበሮ አይመታም፥ እርምጃቸው ብቻ ይሰማል። ሌላው ተማሪ ደግሞ የደኑን መመንጠር አስቦ፥ ጫካው የመጣው ቆራጮቹን ሊከስ ነው ቢልስ? ያም ራእይ ነው፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ይመለሳል፥ ግን ደርቆ። ሁለቱንም በአንድ ምሽት ላሳይ ያለ እንደ ሆነ ተመልካቹ ሁለቱንም ያጣል።

በእኔ አስተያየት ከባዱ ትምህርት ይህ ነው፤ ወጣት ያየውን ሁሉ ማሳየት ይወዳልና። በአዲስ አበባ ያየውንም የሳሎን ቴአትር ከነሶፋው ገልብጦ ሮቤ ላይ ሊያቆም ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው የመረጠውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ በልምምዱ ክፍል በር ላይ ይለጥፍ። ልብስ ሰፊው፥ መብራት አብሪውና ተዋናዩ በተከራከሩ ጊዜ ጣቱን ወደዚያ ይጠቁማል።