«ወራጅ አለ!»

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ አውቶቡስ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ጉሙን እየሰነጠቀ ቁልቁል ደብረ ሲና ሲገባ መስኮቱ ሥር «ቆሎ! ቆሎ!» ይቀልጣል። ሞተሩ ያጓራል፤ ረዳቱ ይጮኻል። በዚህ መሀል ከኋላ ወንበር አንዱ ድምፁን ሳያነሳ «እህቴ፣ የሃያ ብር» ሲል ሻጯ «መጣሁ ጋሼ» ብላ ዞራለች።

ይህን ለጆሮዋ ብቻ መስጠት አይበቃም። ትምህርት ቤት የተማርነው መስማት ሽቅብ ብቻ የሚወጣ ነው፦ ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል፣ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ይቀባበሉታል፣ ቀንድ አውጣ የሚመስለው የውስጥ ጆሮ ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጠዋል፣ 30,000 ገደማ ክሮች ያሉት ነርቭ ለአንጎል ግንድ ያስረክበዋል፤ ከዚያ በመሀል አንጎልና በታላመስ አልፎ የአንጎል ቅርፊት ላይ ይደርሳል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ። በዚሁ መንገድ ወራጅም አለ። እንዲያውም ከቅርፊቱ ወደ ታላመስ የሚወርዱት ክሮች ከሚወጡት ይበዛሉ።

ወራጁ እስከ ጆሮ ድረስ ይዘልቃል። ግራንት ራስሙሰን በ1946 እ.ኤ.አ. ከአንጎል ግንድ ተነስቶ ወደ ውስጥ ጆሮ የሚመለስ የነርቭ ጥቅል ገለጸ። እዚያ ደካማ ድምፅን የሚያጎሉ ፀጉራም ሕዋሳት አሉ፤ ጥቅሉ ማጉያቸውን ዝቅ ያደርገዋል። ሞተር ያለማቋረጥ ሲያጓራ ይህ ቅነሳ አጭሯ የሰው ቃል ነጥራ እንድትወጣ ሊረዳ ይችላል።

ኖቡኦ ሱጋና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1990ዎቹ የሌሊት ወፍን መረመሩ። ቅርፊቷ ላይ አንድን የድምፅ ቅጥነት የሚከታተሉ ሕዋሳት ሲቀሰቀሱ፣ ከታች ያንኑ ቅጥነት የሚከታተሉት በረቱ፤ ሌላ የሚከታተሉት ደከሙ። አለቃው የሚፈልገውን ሪፖርት አስቀድሞ ለበታቾቹ ይነግራል ማለት ነው (የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም)።

ከጣርማበር ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው በአየር ግፊት ነው፤ ምራቅ ሲዋጥ ይከፈታል፤ እሱን በአንጎል አናሳብብ። ሆኖም የተደፈነ ጆሮ ጥሩ ፈተና ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ፌሬት የሚባለውን ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ አንድ ጆሮ ደፈኑ። ጤነኞቹ መጀመሪያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ተምታታባቸው፤ በቀናት ልምምድ ግን አቅጣጫውን መልሰው ለዩ። ከቅርፊት ወደ መሀል አንጎል የሚወርዱት ሕዋሳት የጠፉባቸው ግን፣ ሁለቱም ጆሮ ክፍት ሳለ አቅጣጫ መለየት ያላቃታቸው፣ አንዱ ሲደፈን እንደገና መማር ተሳናቸው።