ምደባው ሲቀር ማን ከፈለ?

የመንግሥት ወጪ ይቀነስ በተባለ ቁጥር አስቀድሞ ከሚነኩት ነገሮች አንዱ ለወጣቶች ሥልጠናና ሥራ ማስያዣ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ድልድይ ቢፈርስ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ ሥራ ያጣ ምሩቅ ግን በየአባቱ ቤት ስለሚቀመጥ አይታይም። እኛም ጉዳዩን ከደጎሎ፣ ከመካነ ሰላምና ከዙሪያቸው ደጋ አንጻር ለማስረዳት እንሞክራለን።

የተማረውን ሰው ወደ ባላገር መላክ የቆየ ሥርዓት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ያገለግል ነበር፤ የሚበዙትም የሚላኩት ለማስተማር ነው። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ መንግሥት ተመራቂውን መድቦ ማሠራትን ግዴታው አደረገው። የአዲስ አበባው ልጅ ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ወረዳ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ የገበሬው ልጅም ዘመድ በሌለው መሥሪያ ቤት ወንበር ያገኛል።

ሥርዓቱ ነቀፋ የለበትም አንልም። ሥራ ሳይኖር ሠራተኛ ይመደብ ነበር፤ ጋዜጣ እያነበበ የሚውለውም ጥቂት አልነበረም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ አገሪቱ በዓለም ባንክና በዓለም የገንዘብ ድርጅት ድጋፍ የኢኮኖሚ ማስተካከያ ስትጀምር ዋስትናው ቀረ። ዳሩ ግን የሥራ ፈቱ ወንበር ብቻ ሳይሆን አዲሱን ምሩቅ ከሥራ የሚያገናኘው መንገድ ጭምር ነው የተቋረጠው።

ወጪውስ ጠፋ ወይ? አልጠፋም፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተሰብ ጎተራ ተዛወረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታላላቅ ከተሞች የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 30 ከሆነ ወንዶች መካከል ግማሽ ያህሉ ሥራ አልነበራቸውም፤ ሥራ አጥነቱም በአማካይ ወደ 4 ዓመት ይጠጋ ነበር። የሚበዙት የተማሩና የመንግሥት ሥራ የሚጠብቁ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ አራት ዓመት መጠበቅ የሚችለው የሚቀልበው ቤተሰብ ያለው ብቻ ነው። በጃማ ዋልካ ላይ ስንዴና ጤፍ የሚያርሰው ገበሬ ልጁን ለማስተማር በሬውን ሸጦ ከሆነ፣ ለመጠበቂያው ምን ይሸጣል? ልጁስ ተመልሶ ይረስ ቢባል መሬቱ የት አለ? በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ከአባቱ ጥቂት ጥማድ ለወንድም ለእኅት ተካፍሎ ከመውረስ በቀር ብዙ ተስፋ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው በወረዳው ላይ ነው። ምደባ ለምሩቁ እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ለሩቅ ከተሞች መምህርና ሐኪም ማግኛም ነበር። ምርጫው ለገበያ ሲተው ግን ደመወዙ አንድ ከሆነ ማን ነው ደሴንና አዲስ አበባን ትቶ ወደ ደጎሎ የሚወጣ? እንግዲህ ከተማው በሥራ አጥ ምሩቅ ተሞልቶ ሳለ ባላገሩ ባለሙያ ይራባል። በቅርብ ዓመታት ሐኪሞች እንኳ ተመርቀው ሥራ ሲያጡ አይተናል፤ ሕመምተኛ ጠፍቶ እንዳልሆነ የወሎ ሰው ይመሰክራል።

በ1990ዎቹ የግብርና ኮሌጆች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞች አሠልጥነው ለየቀበሌው ሦስት ሦስት እንዲመደቡ መደረጉ ጥሩ ምሳሌ ነበር፤ ሥልጠናውና ሥራው አብረው ታስበዋልና። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ግን በይበልጥ ትምህርቱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ መካነ ሰላምም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን ግቢ አግኝታለች። ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በሩ የተከፈተው የመውጫው መንገድ ከተዘጋ ብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የወሎ ወጣት የራሱን መንገድ ፈልጓል፤ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስታስወጣ፣ መንግሥት ተመላሾቹን አሠልጥኖ በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ለማደራጀት ዕቅድ አወጣ። ሥልጠናው ሳይሄዱ በፊት ቢሰጣቸው ኖሮ የደላላው ዕዳና የባሕሩ ሞት በወጪው ላይ ባልተጨመሩ ነበር።