ባቡር ያልወጣው ዳገት፦ የተራራ ብስክሌት በድሬዳዋ

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ከአስፋልት ውጭ በጠጠር፣ በአሸዋና በድንጋያማ ኮረብታ ላይ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ፣ ወፍራምና ጥርሳም ጎማ፣ ሰፋ ያለ መሪ፣ አቧራና ጭቃ የማይበግረው ፍሬን እንዲሁም ዳገትን የሚያቀሉ በርካታ ማርሾች ያሉት ብስክሌት ነው። በገበያ ግን ስሙ ከፍቺው ሰፍቶ፣ ጎማው ወፈር ካለና ማርሽ ከተገጠመለት ማንኛውም ብስክሌት «ማውንቴን» እየተባለ ይሸጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ ተራራ የሚችሉት ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ የቀሩት መልካቸው የተራራ፣ አጥንታቸው የሰፈር ነው። ይህ ልዩነት ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ይጋለጣል፤ ምክንያቱም ከተማዋ የተቆረቆረችው ሜዳውና ተራራው በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ በመሆኑ፣ ከከዚራ ሰፈር ጥላማ ጎዳናዎች የተነሣ ብስክሌተኛ ብዙም ሳይርቅ ከአቀበት ጋር ይፋጠጣል።

እንዲያውም ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ1897 የተጀመረው ሥራ ወደ ተራራው ግርጌ ሲቃረብ፣ ሐረርን የተሸከመውን ከፍታ መውጣቱ ከወጪውም ከምሕንድስናውም አንጻር እጅግ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ፣ መስመሩ ሜዳውን ይዞ ቀረና በ1902 መጨረሻ፣ ማለትም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ስፍራ ደረሰ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ የመንሸራተት ጠባይ ስላለው ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይደፍርም፤ ስለዚህ አዲሲቱ ከተማ «አዲስ ሐረር» ተብላ ከአሮጌዋ ሐረር እግር ሥር ተቆረቆረች። በመኪና መንገድ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ መውጣትን ይጠይቃል። ባቡር ያልደፈረውን ይህን ዳገት አንድ ሰው በሁለት እግሩ ጉልበት እንዲወጣው የሚያስችለው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት፣ የተራራ ብስክሌትን መረዳት ማለት ነው።

ምሥጢሩ ከማርሹ ዘንድ ይገኛል። በፔዳሉ ዘንግ ላይ ያለው ጥርሳም ክብና በኋላ ጎማ ላይ ያለው ጥርሳም ክብ በካቴና፣ ማለትም በሰንሰለት፣ ይያያዛሉ። የፊቱ 44፣ የኋላው 18 ጥርስ በሆነበት የከተማ ብስክሌት ላይ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው ሁለት ዙር ተኩል ያህል ስለሚዞር፣ ብስክሌቱ ከ5 ሜትር በላይ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ለሜዳ ይህ መልካም ነው። የተራራው ብስክሌት ግን ፊት ለፊቱ 22፣ ከኋላው 34 ጥርስ ያለውን ጥንድ ሲይዝ፣ በአንድ የፔዳል ዙር የሚጓዘው 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚወጣው ከፍታ አንድ ስለሆነ ጠቅላላ ሥራው አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በእያንዳንዱ ርግጫ ላይ የሚጠየቀው ጉልበት ሲሆን፣ እርሱም ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ጉልበት ተቀንሶ በትዕግሥት ተተካ ማለት ነው፤ ደንገጎን በዚህ ማርሽ የሚወጣ ሰው ከፈጣን እግረኛ ብዙም ሳይቀድም፣ እግሩን ግን ሳያቋርጥ እያሽከረከረ ይወጣል።

መውረዱ ሌላ ጣጣ አለው። የዚህ ብስክሌት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከቁልቁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ግዛት በማሪን አውራጃ የነበሩ ወጣቶች ጎማቸው ወፍራም የሆነ አሮጌ ብስክሌቶችን በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ባለ የአፈር መንገድ ቁልቁል እየነዱ ይወዳደሩ ነበር፤ ውድድሩ በ1976 ሲጀመር «ሪፓክ» የሚል ስም የተሰጠው፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ያለው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፣ ፍሬኑን ፈትቶ እንደገና በግራሶ መሙላት ግድ ይል ስለነበር ነው። ጆ ብሪዝ የተባለው ሠሪ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት ሠራ፤ ነገሩም በፍጥነት አድጎ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ መወዳደሪያ ለመሆን በቃ።

ያ የካሊፎርኒያ ችግር በደንገጎ ቁልቁለት ላይም ያው ነው። ከነብስክሌቱ 95 ኪሎ የሚመዝን ነጂ 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ከ2 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋስ ይዞት ቢሄድም፣ ከቀረው አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍሬኑ ላስቲኩን በቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚያሻሽ ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያም ወደ ጎማው ይሻገራል፤ በመንኮራኩሩ መካከል ባለ የብረት ዲስክ የሚይዘው ዓይነት ግን ሙቀቱን ከጎማው ያርቃል። ያም ሆነ ይህ፣ ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ የጀማሪ ጠባይ ነው፤ የለመደ ሰው ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ ይይዝና ይለቀዋል፣ ብረቱም በመካከሉ ነፋስ ያገኛል።

በከተማው ውስጥና በሰሜን በኩል ባለው ቆላ ደግሞ የነጂው ጠላት አሸዋና እሾህ ነው። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሲሆን፣ ቀጭንና ጠጣር ጎማ በላዩ ሲሄድ እንደ ቢላ ሰንጥቆት ይሰምጣል፤ ሁለት ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ ነፋሱ ቀነስ ሲደረግለት ግን ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ በላዩ ተንሳፍፎ ያልፋል። ነፋሱን ልክ ማድረግ ድሬዳዋ ላይ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ሒሳብም አለው፤ ማለዳ በ20 ዲግሪ የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ 50 ዲግሪ ሲደርስ፣ በውስጡ ያለው ግፊት ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራልና፣ እስከ ጫፉ የተነፋ ጎማ ማንም ሳይነካው በቆመበት ሊፈነዳ ይችላል። የግራርና የፕሮሶፒስ እሾህ ደግሞ ክረምት ከበጋ አይልም።

እሾህ የወጋውን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ሙያው በጠቅላላ የሚናገረው በዚያው ቋንቋ ነው ለማለት ይቻላል፦ ከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ያዥ ላስቲክ)፣ ካቴና፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ (መሽከርከርን የሚያቀልል የኳስ ቀለበት)፣ ቡሎን፣ ግራሶ። ባቡሩ የፈረንሳይ በመሆኑ «ለገሃር» የሚለውን ቃል ለከተማዋ ያወረሳት ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የጥገናው ቤት ግን ለጣሊያንኛ መቅረቱ ልብ የሚባል ነገር ነው። ጎሚስታው ከመነዳሪውን አውጥቶ ይነፋና በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እያዞረ ይነክረዋል፤ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ በጣቱ ይዞ ያደርቀዋል፣ ላስቲኩ ሸካራ እስኪሆን ይሞርደዋል፣ ማስቲሹን ስስ አድርጎ ቀብቶ ወዲያውኑ ሳይለጥፍ ፈዘዝ እስኪል ይጠብቃል። ብዙ ልጥፍ የሚለቀው በዚህ ጥበቃ ላይ በመቸኮል ነው። ከመነዳሪውን መልሶ ከመክተቱ በፊት ደግሞ የውጭውን ጎማ ውስጡን በእጁ ይዳብሳል፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ልጥፉ ዋጋ የለውምና።

የሰፈር ብስክሌት ቤት ከጎሚስታው ሰፋ ያለ ሥራ አለው፤ ይሸጣል፣ ያከራያል፣ ይጠግናል። በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ሰው ብስክሌት የሚለማመደው በኪራይ ሲሆን፣ መታወቂያ ወይም የሚያውቅ ሰው ተይዞ በሰዓት ሒሳብ ይወሰዳል፤ ለልጆች ደግሞ የእንቁጣጣሽ ወይም የኢድ ገንዘብ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። አዲስ ብስክሌት በካርቶን ተገጣጥሞ ሳያልቅ ስለሚመጣ፣ የሻጩ ሙያ የሚለየው ሲገጣጥም ነው። የግራው ፔዳል ብሎን ጥምዝ ከቀኙ ተቃራኒ መሆኑን የማያውቅ ተለማማጅ በጉልበት ሲያጠብቀው የተሸካሚውን ክንድ ጥርስ ይጨርሰዋል፤ ጉዳቱም ያን ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ፣ ፔዳሉ በመንገድ መካከል ሲወልቅ ይታወቃል። በመጀመሪያው ወርም የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ይረዝማሉ፣ ቸርኬውን የሚወጥሩት ቀጫጭን ሽቦዎችም ይላላሉ፤ ስለዚህ ከሻጭ የሚገኝ ጥሩ ስጦታ ጥቂት ብር መቀነስ ሳይሆን ከወር በኋላ የሚደረግ ነጻ ማጥበቅ ነው።

ወቅታዊ ቅናሽ የሚባለው ነገር አገር ለአገር ይለያያል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አምራቾች በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ስለሚያወጡ፣ ሱቆች ሞቃቱ ወራት ሲያልቅ የዓመቱን ሞዴል ዋጋ ሰብረው ያራግፋሉ፤ ብዙ ጊዜ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ቀለሙ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሞዴል ዓመት የሚጠይቅ ደንበኛ እምብዛም ስለሌለና ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ፣ በተለይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዋጋው ከሞዴሉ ይልቅ ምንዛሪውን ይከተላል። ቅናሹም በወረቀት ተለጥፎ አይጠብቅም፤ በክርክር ይገኛል። ክርክር ደግሞ ጊዜ አለው። ድሬዳዋ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ትቀዘቅዛለች፣ ብስክሌት የሚነዳውም የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው፤ በዓል ሲቃረብም ፈላጊው ይበዛል። በግንቦትና በሰኔ ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል፣ ተማሪው በፈተና ይያዛል፣ ብስክሌቱም አቧራ ለብሶ ይቆማል። የድሬዳዋን ሙቀት የሚችል ገዢ ዋጋ መከራከር ያለበት በዚህ ወቅት ነው፤ ጠጋኙም እጁ ፈታ ያለ ስለሚሆን ኩሽኔታ ለማስፈታትና ግራሶ ለማስቀየር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ክረምቱ ሲገባ ከደጋው የሚወርድ ጎርፍ ደቻቱን በድንገት ይሞላዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለ በመሆኑ፣ በሐምሌና በነሐሴ አሸዋው ደረቅ ቢመስልም የወንዙን ሆድ የመለማመጃ ሜዳ ማድረግ አይገባም።

የቡድን ጉዞ በሜዳና በዳገት ላይ የተለያየ ትርጉም አለው። በሜዳ ላይ ነጂው የሚታገለው ከሁሉ በላይ ከአየር ጋር ስለሆነ፣ ከፊተኛው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበቱን ያተርፋል፤ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ብልሃት በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ነው። ይህ ስፖርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች ነበሯት፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በደንገጎ ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል የጀርባ ጥላው ጥቅም ይጠፋና፣ መቧደን ደኅንነት ብቻ ይሆናል፦ አንድ ፓምፕ ለሁሉ፣ አንድ ተጨማሪ ከመነዳሪ ለሁሉ፣ በመታጠፊያ ላይ ለሚመጣ የጭነት መኪና ጎልቶ መታየት።

አሰላለፉን ለማስረዳት የጥንቱ የጦር ስያሜ ይበቃል። ፊታውራሪው መንገዱን የሚያውቅ፣ ከሁሉ የበረታ ሳይሆን እርምጃው የማይለዋወጥ ሰው ይሆናል፤ ደጀኑ ደግሞ ጥገና የሚያውቅ፣ ፓምፑንና ማስቲሹን የያዘ፣ ከኋላው ማንንም የማያስቀር ሰው ነው። በመካከል ያሉት በነጠላ ረድፍ ይሄዳሉ፤ በከተማው ውስጥ ባጃጅ በየትኛው ጎን ብቅ እንደሚል ስለማይታወቅ፣ ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ መንዳት ከከተማ ከተወጣ በኋላ ባለ ጭር መንገድ ላይ ብቻ የሚፈቀድ ነው። ለጀማሪዎች ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው ሜዳማ አቅጣጫ ይመረጣል፤ የበረቱት ወደ ደቡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ለሳይንስ ያስተዋወቁት የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ወዳለበት ኮረብታ ወይም ወደ ደንገጎ ይዞራሉ። ታኅሣሥ 19 የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በሚቃረብበት ሰሞን ግን የደንገጎ መንገድ በእግረኛ ምእመናንና በተሽከርካሪ ስለሚሞላ፣ አየሩ ምንም ያህል ቢያምር ቡድኑ ሌላ አቅጣጫ መያዝ አለበት።

ሰዓቱን የሚወስነው ፀሐይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ቡድን ደንገጎን ወጥቶ ለመውረድ ያለው ጊዜ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሙቀቱ የሚነዳ ሰው ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ የጠፋውን ውሃ መጠን አይገምተውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ፊታውራሪ መመለሻውን የሚወስነው በደረሰበት ቦታ ሳይሆን በውሃው ነው፦ ከያዙት ውሃ እኩሌታው ሲያልቅ፣ ጫፉ ላይ ቢደረስም ባይደረስም፣ ቡድኑ ይዞራል። ከቀትር በፊት ከተማ ሲገባ ከተማዋ ወደ ከሰዓት በኋላው ዝምታዋ እየተቃረበች ነው፤ ብስክሌቶቹም ጥላ ሥር ቆመው፣ ለዳገቱ ተብሎ የተጨመረው ነፋስ ትንሽ ይለቀቅላቸዋል።