ሽማግሌ ሲመጣ እስክሪብቶውን አታንሱ

ከአምስት ሳምንት በፊት ገራዶ ላይ አንድ አይሱዙ ቦይ ውስጥ ገባ። ሊያወጣው ከደሴ ክሬን መጣ፤ የሰፈር ልጅም ሊያይ ከበበው። የ12 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ከፊት ነበር። የመጎተቻው የሽቦ ገመድ ተበጥሶ ጉልበቱ ላይ አረፈ።

በሦስተኛው ቀን የክሬኑ ባለቤት ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ 30,000 ብርና በእጅ የተጻፈ የዕርቅ ወረቀት አስከትሎ መጣ። «ያጠፋው ሹፌሩ ነው፤ እኔ ለሰውነት ብዬ ነው» አለ። ወንድሜ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ቆይ፤ ልጁ ገና ጄሶ ላይ ነው» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ተቀየሙኝ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ደሴ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት የለብኝም ማለት ብቻውን አያድነውም፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ልጁ ተጠግቶ መቆሙ እንደ ጥፋት ከተቆጠረ ካሳውን ሊያስቀንስ ይችላል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ጎረቤት ሁሉ «ማን ሂድ አለው?» ሲል ከርሟልና።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ወረቀቱ ነው። በቁጥር 3312 መሠረት የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ነገ ጉልበቱ አልታጠፍ ቢል፣ «ያኔ አላወቅንም ነበር» ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ጭንቅ ነው። ለመክሰስ ደግሞ አንቸኩልም፤ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ይሰጣል።

መድንም አለ። የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር አስቀምጧል። ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና የሐኪም ደረሰኙን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀመጥን። የታክሲውን እንኳ አልጣልንም።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ራሴ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ዕርቁን አልጠላነውም፣ ጄሶው ተፈትቶ ሐኪም የመጨረሻ ቃሉን እስኪጽፍ ነው፣ አልኳቸው። ትልቁ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «መቼ ነው የሚፈታው?» አሉኝ።

ማክሰኞ ነው።