ስለ ጥይት፣ ስለ ቀለህና ስለ «የግል ልክ» አሰያየም

ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በሰቃ ገበያ የሚውል ነጋዴ «ቡና አለ ወይ?» ብሎ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም፤ እሸት ነው፣ ጀንፈል ነው ወይስ ቅሽር ሲል አስቀድሞ ይለያል። ቅሽር የሚለው ቃል በዐረብኛ ገለባውን ራሱን የሚያመለክት ሲሆን፣ በእኛ የቡና ንግድ ግን ገለባው የተፈለፈለለትን ፍሬ ይሰይማል። ትርጉሙ እስከዚህ የተገለበጠ ቢሆንም ማንንም አያሳስትም፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ስም አለውና። ስለ ጠመንጃ በሚተረጎሙ ጽሑፎች የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ገለባውም፣ ፍሬውም፣ ሙሉው ነገርም «ጥይት» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ጥይት ስንል ሙሉውን፣ ይኸውም ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና እርሳስ አንድ ላይ የተገጠሙበትን ማለታችን ነው። ቀለህ (ቀልሃ የሚሉም አሉ) የናሱ ቀፎ ነው። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው እርሳስ ነው፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በመዳብ ቅይጥ የሚለበጥ ቢሆንም ስሙን መለወጥ አያሻም። (ተማሪው በደብተሩ ላይ የሚጽፍበትም እርሳስ መባሉ እስከ አሁን ያጣላው ሰው የለም።) «ጥይት መታው» የሚለው የዕለት ንግግር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በሙያ ጽሑፍና በፍርድ ቤት ትርጉም ግን ክፍሎቹ ሊለዩ ይገባል። በ2012 ዓ. ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ከወጣ ወዲህ፣ ባዶ ቀለህ የያዘን ሰው «ጥይት ይዞ ተገኘ» ብሎ መተርጎም የቃል ምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለዚህ ማብራሪያ መነሻ የሆነን በአሜሪካኖች ዘንድ «ዋይልድካት» የሚባለው ጥይት ነው። ፋብሪካ የማያመርተው፣ ልኩም በደረጃ አውጪ ተቋማት መዝገብ ያልሰፈረ፣ አንድ ባለሙያ ከሌላ ጥይት ቀለህ ተነሥቶ ለራሱ ጠመንጃ የሚያበጀው ነው። ቃሉን «የዱር ድመት ጥይት» ብለው የተረጎሙ አሉ። በዚያው አገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቁጥጥር ያልነበረባቸው ባንኮች፣ በኋላም ማኅበሩ ሳያውቀው የሚደረግ የሥራ ማቆም በዚሁ ስም ተጠርተዋል፤ ስለሆነም ቁም ነገሩ ከደንብ ውጭ መሆኑ እንጂ ድመቷ አይደለችም።

ከቀረቡልን አማራጮች መካከል በቡና አገር የሚታወቀው «ወፍ ዘራሽ» ልባችንን ማርኮት ነበር። ይሁን እንጂ ወፍ ዘራሽ ሰው ሳይለፋበት የበቀለ ነው፤ ይህ ደግሞ እጅግ የተለፋበት ነው። «ኢመደበኛ ጥይት» የሚለው በአንደኛ ንባብ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉ ዛሬ ለታጣቂ ኃይሎች መጠሪያ ስለዋለ አንባቢው የጥይቱን ልክ ትቶ ባለቤቱን እንዲጠረጥር ያደርገዋል። «የግል ልክ ጥይት» የሚለውን መርጠናል። ልብስ ሰፊ ልክ እንደሚወስድ ያስታውሳል፤ ወንጀልም ጀግንነትም አይጨምርበትም።

ሥራው ለእኛ አገር ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መባቻ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ሁሉ መገበያያ ነበረ፤ ቀለህም ተሰብስቦ እንደገና ይሞላ ነበር። «ፉዚ ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ (እ.ኤ.አ. 1874) ውጅግራን ያገኘው አማርኛ፣ «ለበል» ከተባለው (እ.ኤ.አ. 1886) ለበንን አግኝቷል። ሁለቱ ስሞች በፉከራችን ጎን ለጎን ሲጠሩ ብዙዎቻችን የማናውቀው ዝምድናቸውን ነው። ፈረንሳዮች ጢስ አልባውን ባሩድ በእጃቸው ካስገቡ በኋላ አዲሱን ጠመንጃ በጥድፊያ ስለፈለጉት፣ የ11 ሚሊ ሜትሩን የውጅግራ ቀለህ አንገት አጥብበው ለ8 ሚሊ ሜትር እርሳስ አበቁት። የለበን ቀለህ ወገቡ ሁለት ጊዜ የሚቀጥነው ከዚህ የተነሣ ነው። መንግሥት ያጸደቀው ስለሆነ የግል ልክ አንለውም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ስለዚህም መነሻውን ቀለህ «እናት ቀለህ» ብለን እንጠራለን።

ቀለህን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየጫኑ አንገቱን ማጥበብ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ መግፋት፣ የተረፈውን መቁረጥ፣ በመጨረሻም በአዲሱ ጠመንጃ ተኩሶ ከጥይት ማደሪያው ቅርጽ ጋር ማስማማት («በተኩስ ቅርጽ ማስያዝ») ስያሜያቸው ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው፣ አደጋም ያለበት፣ የናሱ ሙቀት ነው። የቀለህ ናስ በጥቅሉ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ ሳይሞቅ በተጫነና በተቀጠቀጠ ቁጥር ይጠነክራል፣ ኋላም ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱና ትከሻው ብቻ በእሳት እንዲለሰልሱ ይደረጋል። እንድናርመው በቀረበልን አንድ ትርጉም ውስጥ ይህ ሥራ «ቀለሁን በእሳት ማጠንከር» ተብሎ ተጽፎ አግኝተናል። ተርጓሚው የአንጥረኛን ብረት ያስታወሰ ይመስለናል፤ የተሳለ ብረት ግሎ ውኃ ሲነከር ይጠነክራልና። ናስ ግን ሲግል ይለሰልሳል፣ ውኃ ቢነከርም አይጠነክርም። ያንን ትርጉም አምኖ ቀለሁን እስከ መቀመጫው የሚያግል ሰው የባሩዱን ግፊት ሊችል የሚገባውን ክፍል ያለሰልሰዋል፤ ሲተኩስ መቀመጫው ተቀዶ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። «አንገት ማለስለስ» ብለን፣ «አንገት» የሚለውን ቃል ከስያሜው እንዳይነጠል ያደረግነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ቁጥሮቹም ጥቂት እንጨምር፤ ተርጓሚዎች ሰረዙን «እስከ» እያሉ ሲያነቡት አይተናልና። በ«.30-06» ውስጥ 06 ዓመቱን፣ እ.ኤ.አ. 1906ን ያመለክታል። በ«.30-30» ሁለተኛው 30 መጀመሪያ የነበረው የባሩድ ክብደት በግሬይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በወጣው «.250-3000» ደግሞ 3000 የእርሳሱ ፍጥነት ነው፣ በሴኮንድ በጫማ። «.22-250» ለብዙ ዓመታት የግል ልክ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ሬሚንግተን ፋብሪካ መደበኛ ያደረገው ነው፤ በእርሱ 250 የእናት ቀለሁ ስም ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ እንዳሉ ይጻፉ፤ «ሃያ ሁለት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ» ተብለው በየተራ ይነበቡ፤ ወደ ሚሊ ሜትር መለወጥ ካስፈለገም ልኩ በቅንፍ ይግባ እንጂ ስሙ አይነካ።